በ19 ዓመቱ 49 ጨዋታ፦ የአንድ እንግሊዛዊ አማካይ የጉዳይ ጥናት

የካቲት 9 ቀን 2003 ማታ ነው። ሰዓቱ 4:45። ሰፈራችን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚው ሞልቶ የተረፈው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አርሰናል ባርሴሎናን በሜዳው ሊገጥም ነው። መሀል ሜዳ ላይ ዣቪ፣ ኢኔስታና ቡስኬትስ አሉ። ያኔ እነዚህን ሦስት ሰዎች መግጠም ማለት 90 ደቂቃ ኳስ ሳትነካ ሮጠህ ወደ ቤትህ መመለስ ማለት ነበር።

አንድ ልጅ ግን ይህን የነገረው ሰው የለም መሰለኝ። ጀርባውን ለተጋጣሚ ሰጥቶ ኳስ ይቀበላል። ሰው ሲጠጋው በግራ እግሩ ገፋ አድርጎ ይዞራል፣ ከዚያ ጥሎት ይሄዳል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደጋግሞ። አርሰናል ከመመራት ተነስቶ 2 ለ 1 አሸነፈ። ጎሎቹን ያገባው እሱ አይደለም፤ ስንወጣ የሚወራው ግን ስለ እሱ ነበር። አንዱ «ስንት ዓመቱ ነው?» አለ። «19»። «የፓስፖርቱ ነው የእናቱ?» ሳቅን።

የፓስፖርቱም የእናቱም 19 ነበር። ከዚያች ማታ ሰባት ወር ቆይቶ ቁርጭምጭሚቱ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ለብሔራዊ ቡድኑ የመጨረሻ ጨዋታውን ሲያደርግ 24 ዓመቱ ነው። ጫማውን ሲሰቅል 30።

ስሙን አልጽፍም። እዚህ የማየው ልጁን ሳይሆን የደረሰበትን ነገር ስለሆነ በዙሪያው የነበሩትንም አሠልጣኞችና ጓደኞች ስም አልጠራም። የአርሰናል ደጋፊ ግን እስካሁን አውቆታል፣ ምን ላድርግ። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ልጁ ከየት መጣ

የተወለደው ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 ከለንደን በስተሰሜን ባለችው ስቲቭኔጅ ነው። ያደገው እዚያው አካባቢ ሂቺን በምትባል ከተማ። በሉተን ታውን ታዳጊዎች ውስጥ ለአጭር ጊዜ ቆይቶ 9 ዓመቱ ላይ አርሰናል አካዳሚ ገባ።

ሴፕቴምበር 13 ቀን 2008 አርሰናል ብላክበርንን 4 ለ 0 ሲያሸንፍ ተቀይሮ ገባ። ዕድሜው 16 ዓመት ከ256 ቀን። በክለቡ ታሪክ በዚያ ዕድሜ የሊግ ጨዋታ ያደረገ አልነበረም። ክብረ ወሰኑ የተሰበረው ከ14 ዓመት በኋላ ነው፤ ወደ ሰበረው ልጅ መጨረሻ ላይ እንመለሳለን።

እዚህ ድረስ ሥራው ንፁህ ነበር። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን 1 የሊግ ጨዋታ፣ በሁለተኛው እንደገና 1 ብቻ። የተቀረውን በታዳጊ ቡድንና በሊግ ካፕ አሳለፈው። ጃንዋሪ 2010 ላይ ለቦልተን በውሰት ተሰጠ። ቦልተን ላለመውረድ የሚታገል ቡድን ነው፣ ኳሱ ከፍ ብሎ ይሄዳል፣ ግጭት ይበዛል። 14 የሊግ ጨዋታ አድርጎ 1 ጎል አስቆጠረ። ሲመለስ ትከሻው ሰፍቶ፣ ትልልቅ ሰዎችን መልመዱ በግልጽ ይታይ ነበር።

ያ ዓመት

ኦገስት 2010። አርሰናል መሀል ሜዳው ላይ ሰው ጠፍቶበታል። ዌልሳዊው ወጣት አማካይ ፌብሩዋሪ ላይ ስቶክ ሜዳ እግሩ ተሰብሮ ገና አልተመለሰም። አምበሉን የጭኑ ጡንቻ እያስቸገረው ገባ ወጣ ይላል። አንድ ረጅም ፈረንሳዊ አማካይ ነበር፣ የእሱ ቁርጭምጭሚት ደግሞ ከ2006 ጀምሮ የታወቀ ታሪክ አለው። ስለዚህ ወንበሩ ባዶ ነው። ልጁ ገባና ተቀመጠበት።

ይህን ነገር ብዙ ሰው አይጠቅሰውም፤ ለእኔ ግን የጉዳዩ ሥር እዚህ ጋ ነው። ልጁ ያን ያህል የተጫወተው «እናሰልፈው» ተብሎ ታቅዶ አይደለም። ሌሎቹ ስለተጎዱ ነው። የአንዱ ጉዳት ለሌላው ጭነት ሆነ ማለት ነው።

በሊጉ 35፣ በሁሉም ውድድር 49 ጨዋታ። ይህ ለክለቡ ብቻ ነው። ለእንግሊዝ ዋናው ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ኦገስት 11 ቀን 2010 ከሃንጋሪ ጋር አደረገ። ፌብሩዋሪ 2011ን ብቻ እንይ። በ9 ኮፐንሃገን ላይ ከዴንማርክ ጋር ለአገሩ መጀመሪያ ተሰልፎ ተጫወተ። በ16 ባርሴሎና። በ27 ዌምብሌይ ላይ የሊግ ካፕ ፍፃሜ፣ በርሚንግሃም 2 ለ 1 አሸነፋቸው። በመሀል የሊጉ ጨዋታዎች አሉ።

አንድ ነገር ጠጋ ብለን እንይ። ኦክቶበር 16 ቀን 2010 ከበርሚንግሃም ጋር ሲጫወቱ በቀጥታ ቀይ ካርድ ወጣ። ሦስት ጨዋታ ቅጣት። እሰይ፣ ልጁ ሊያርፍ ነው ትላለህ። ቅጣቱ ግን የአገር ውስጥ ነው፣ አውሮፓ ላይ አይሠራም። ሦስት ቀን ቆይቶ ከሻክታር ዶኔትስክ ጋር በሻምፒዮንስ ሊግ ተሰለፈና ጎል አገባ። 5 ለ 1። ሁላችንም ጨፈርን፣ እኔም ጭምር። ዛሬ ሳስበው ግን ያ ሳምንት የዓመቱ ማጠቃለያ ይመስለኛል። ቀይ ካርድ እንኳ ሊያሳርፈው አልቻለም።

ኤፕሪል ላይ የተጫዋቾች ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ወጣት ብሎ ሸለመው። ሜይን በጭቅጭቅ አሳለፉት። ዴንማርክ ላይ የ21 ዓመት በታች የአውሮፓ ዋንጫ አለ፣ የእንግሊዝ ወጣት ቡድን ይፈልገዋል፣ ክለቡ አይሆንም ይላል፣ ልጁ ራሱ ደግሞ በአደባባይ «መሄድ እፈልጋለሁ» ይላል። መጨረሻ ላይ ደክሟል ተብሎ ከዝርዝሩ ወጣ። በዚያ ዓመት ሙሉ ያየሁት ብቸኛው ትክክለኛ «አይ» ይህ ነበር። እሱም ቢሆን ሙሉ አልነበረም። ጁን 4 ላይ ለዋናው ቡድን ከስዊዘርላንድ ጋር ተጫወተ፤ ከዚያ ጨዋታ ቁርጭምጭሚቱን እያመመው ወጣ።

ችግሩ

ጀበና ሲሰነጠቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወድቆ የተሰበረውን ማለቴ አይደለም። በየቀኑ እሳት ላይ እየወጣ እየወረደ፣ ሳይበርድ ውኃ እየተደረገበት የሚሰነጠቀውን ነው። ከውጭ ምንም አይታይም። አንድ ቀን ግን ቡናው ፍሙ ላይ ቲስ ይላል።

በጫና የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅም እንደዚያ ነው። አጥንት ሕይወት ያለው ነገር ነው። በሩጫና በዝላይ በጥቂቱ ይጎዳል፣ ሲያርፍ ራሱን ይጠግናል፣ ጠንክሮም ይመለሳል። ጉዳቱ ከጥገናው ከቀደመ ግን ስስ ስንጥቅ ይጀምራል። ማንም አልመታህም፣ አልወደቅክም። ተጫዋቹ የሚሰማው «ትንሽ ይቆጠቁጠኛል» ነው። 19 ዓመት የሆነው ጎበዝ ደግሞ ትንሽ ቆጠቆጠኝ ብሎ ከቡድን አይወጣም።

ጁላይ 31 ቀን 2011፣ ኤምሬትስ ካፕ፣ ከኒው ዮርክ ሬድ ቡልስ ጋር። የወዳጅነት ጨዋታ ነው፣ ነጥብ የለው ምን የለው። ልጁ ጨዋታው ገና እንደተጀመረ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ወጣ። መጀመሪያ የቀናት ጉዳይ መሰለ። ከዚያ የሳምንታት ሆነ። በምርመራ ስንጥቁ ታየ፣ ሴፕቴምበር ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገ። ሕመሙ ጁን ላይ፣ ቢላው ሴፕቴምበር ላይ። በመሀል ያለው ጊዜ ነው እኔን እስከ ዛሬ የሚያበሳጨኝ።

ምን ተደረገ

መጀመሪያ ዕረፍትና ማገገሚያ። ጃንዋሪ 2012 ላይ መመለሻው ሲጠበቅ ነገሩ እንደገና ወደ ኋላ ተመለሰ። የ2011/12 የውድድር ዘመን በሙሉ፣ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት አለፈ። ዩሮ 2012ም አመለጠው።

ሳይጫወት በቆየበት በዚያው ጊዜ ሆላንዳዊው አጥቂ ወደ ማንችስተር ዩናይትድ ሄደና 10 ቁጥር ማሊያ ለልጁ ተሰጠ። ማበረታቻ እንደሆነ ይገባኛል። ግን አስቡት፣ ከዓመት በላይ ያልተጫወተ ልጅ ላይ የቡድኑን ከባዱን ቁጥር መጫን።

ኦክቶበር 27 ቀን 2012 ከኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ ጋር ተመለሰ። ከመጨረሻው የክለብ ጨዋታው 17 ወር አልፎታል። ከመጀመሪያው ደቂቃ ተሰለፈ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጫወተ። ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበለት። በዲሴምበር ከሌሎች አራት የብሪታንያ ወጣቶች ጋር ረጅም ውል ፈረመ፤ አምስቱ ተደርድረው የተነሱት ፎቶ ያኔ የተስፋ ፎቶ ነበር። ፌብሩዋሪ 2013 ላይ እንግሊዝ ብራዚልን 2 ለ 1 ስታሸንፍ የሜዳው ኮከብ እሱ ነበር። ተመለሰ አልን። ማርች ላይ ቁርጭምጭሚቱ እንደገና አስቀመጠው።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ላስቀምጠው፣ አለዚያ እንባ ይሆናል። በአርሰናል ያደረጋቸው የሊግ ጨዋታዎች ከ2010/11 እስከ 2015/16 ድረስ በቅደም ተከተል፦ 35፣ 0፣ 25፣ 24፣ 14፣ 3። ወደ ላይ የሚወጣ መስመር አይደለም።

በመሀል የተገኙት ነገሮች ግን ቀላል አልነበሩም። ኦክቶበር 2013 ኖርዊች ላይ ያገባት ጎል፣ ሦስት ሰዎች በአንድ ንክኪ እየተቀባበሉ ተከላካዩን ግራ አጋብተው የጨረሷት፣ የዓመቱ ምርጥ ጎል ተባለች። በ2015 በሊጉ የመጨረሻ ቀን ዌስትብሮም ላይ ያገባትም በዓመቷ እንደዚያው ተባለች። ሁለት የኤፍኤ ካፕ ሜዳሊያ አለው፣ በሁለቱም ፍፃሜ ተቀይሮ ነው የገባው። ጁን 2015 ስሎቬኒያ ላይ ለእንግሊዝ ሁለት ጎል አስቆጠረ፤ ለአገሩ በ34 ጨዋታ ያገባቸው ሁለት ጎሎች እነዚያው ናቸው።

ጉዳቶቹም ቀጠሉ። ማርች 5 ቀን 2014፣ ከዴንማርክ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ፣ ገና በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አንድ ተከላካይ እግሩን መታው። ልጁ ተነሳ፣ አነከሰ፣ ቀጠለ። እስከ 60ኛው ደቂቃ አካባቢ ተጫወተ። በምርመራ እግሩ ውስጥ ያለች ትንሽ አጥንት ተሰንጥቃለች። በተሰነጠቀ እግር ወደ 45 ደቂቃ፣ ያውም ለወዳጅነት ጨዋታ! ኖቬምበር 2014 በማንችስተር ዩናይትድ ጨዋታ ቁርጭምጭሚቱ ተመታ፣ እንደገና ቀዶ ሕክምና። ኦገስት 2015 በልምምድ ላይ የቅልጥሙ ቀጭን አጥንት ተሰነጠቀ፣ እስከ ኤፕሪል 2016 አልተጫወተም።

እንደዚያም ሆኖ ዩሮ 2016 ሄደ። 3 የሊግ ጨዋታ ብቻ ያደረገ ሰው! ጁን 27 ኒስ ላይ ከአይስላንድ ጋር ከዕረፍት መልስ ገባ፣ እንግሊዝ ተሸነፈች፣ ያ ለአገሩ የመጨረሻው ሆነ።

ኦገስት 2016 መጨረሻ ላይ ለቦርንማውዝ በውሰት ሄደ። 27 የሊግ ጨዋታ ካደረገ በኋላ ኤፕሪል ላይ ከቶተንሃም አጥቂ ጋር ተጋጭቶ ያው ቀጭን አጥንት ተሰነጠቀ። በ2017/18 ወደ አርሰናል ተመልሶ በሁሉም ውድድር 38 ጨዋታ አደረገ። በዓመቱ መጨረሻ ክለቡ ደመወዙ ዝቅ ብሎ በተጫወተ ቁጥር የሚጨመርበት ውል አቀረበለት። አዲሱ አሠልጣኝ ብዙ እንደማያጫውተው ሲረዳ ለቆ ወጣ። ለአርሰናል 197 ጨዋታ፣ 14 ጎል።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ዌስትሃም ለሦስት ዓመት አስፈረመው፣ በሁለት የውድድር ዘመን 16 የሊግ ጨዋታ አደረገ፣ ኦክቶበር 2020 በስምምነት ተለያዩ። ጃንዋሪ 2021 ቦርንማውዝ ለስድስት ወር ወሰደው። ከዚያ ማንም አልጠራውም። በ29 ዓመቱ ቡድን አልባ ሆነ፤ ልጆቹ ለምን ቡድን እንደሌለው ሲጠይቁት መልስ ይጠፋው እንደነበር ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። አርሰናል በ2021 መጸው ከቡድኑ ጋር እንዲለማመድ በሩን ከፈተለት። ፌብሩዋሪ 2022 ወደ ዴንማርኩ ኦርሁስ ሄዶ ለጥቂት ወራት ተጫወተ። ጁላይ 8 ቀን 2022 አበቃሁ አለ።

የሠራው

የሁለቱ ውሰቶች ነገር መጀመሪያ ይምጣ። ቦልተን ትልቅ ሰው አደረገው፣ ቦርንማውዝ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወራትን በተከታታይ እንዲጫወት አስቻለው። ሁለቱም ቦታ ላይ የሚጠበቅበት ነገር ልኩን የያዘ ነበር። የክለቡ ተስፋ በሙሉ እሱ ላይ አልተሰቀለም። ጎል አላገባም ብለው ቦርንማውዝ ላይ የተቹት ነበሩ፤ የመጣው ግን ጎል ሊያገባ ሳይሆን ሊጫወት ነው።

2017/18 ደግሞ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። አርሰናል ያን ዓመት ዩሮፓ ሊግ ላይ ነበር። አሠልጣኙ ሐሙስ ሐሙስ ከአነስተኛ ቡድኖች ጋር አሰለፈው፣ ሊጉ ላይ ደግሞ በቁራጭ በቁራጭ እያስገባ ቆየ። በሊጉ ለአርሰናል ከመጀመሪያው የተሰለፈው ዲሴምበር ላይ ነው። ጃንዋሪ ላይ ቼልሲ ላይ ጎል አገባ። ቁርጭምጭሚቱ ያው ቁርጭምጭሚት ነው፣ ግን 38 ጨዋታ ችሏል። ያ ዓይነት አመላለስ በ2012 ተሞክሮ ቢሆን ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ምናልባት ምንም አይለወጥም ነበር። ግን አልተሞከረም።

ያልሠራው

የመመለሻው መንገድ። እዚያው ክለብ ውስጥ ጥሩ ማነፃፀሪያ አለን። ዌልሳዊው አማካይ ስቶክ ላይ ሁለቱ የቅልጥም አጥንቶቹ ተሰብረው ሲመለስ ወዲያው ትልቁ መድረክ ላይ አልወጣም። መጀመሪያ ለኖቲንግሃም ፎረስት፣ ቀጥሎ ለካርዲፍ በውሰት ተሰጠ፣ ዝቅ ባለው ሊግ እግሩን ፈተሸ። በ2014 የኤፍኤ ካፕ ፍፃሜ የማሸነፊያዋን ጎል ያገባው እሱ ነው። ሁለቱን ማወዳደር ሙሉ ፍትሕ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በአንድ ምት የተሰበረ አጥንት ከገጠመ ገጠመ ነው፣ በጫና የተሰነጠቀ ግን ያመጣው ነገር ካልተቀየረ ይመለሳል። ለዚህም ነው የእኛው ልጅ የበለጠ ቀስታ ያስፈለገው። ያገኘው ተቃራኒውን ነው። ቋሚ አሰላለፍ፣ 10 ቁጥር፣ ረጅም ውል፣ ከዚያ ብራዚል።

ሌላው ቆጠራው ነው። ክለቡ የክለቡን ጨዋታ ይቆጥራል። ብሔራዊ ቡድኑ የራሱን። የወጣት ቡድኑም የራሱን። ቅጣት እንኳ የአገር ውስጡ ለብቻ፣ የአውሮፓው ለብቻ ነው። ልጁ አንድ፣ ደብተሩ ብዙ። ሁሉንም ገጾች አንድ ላይ አድርጎ የሚደምር ሰው ሥራው የማን ነበር? እኔ እስከማየው የማንም አልነበረም።

ጀግንነቱም አለ። በሕመም ላይ መጫወት ይጨበጨብለታል፣ በተለይ እንግሊዝ አገር። እሱ ደግሞ ግጭት የማይፈራ ነው፤ ኳሱን እስከ መጨረሻው ሴኮንድ ይይዛል፣ ተከላካዩ ሲመጣ ይለቃል፣ ስለዚህ ይመታል። ውበቱ እዚያ ነው፣ ጉዳቱም እዚያው ነው። ይህን ከልጁ አጨዋወት ላይ ቆርጠህ አውጣ ብትለው ምን ይቀረዋል? ለዚህ መልስ የለኝም።

በ2013 ሲጋራ ሲያጨስ ፎቶ ተነስቶ አገር ተንጫጫ። አሠልጣኙም አልወደደውም። ዛሬም «ራሱ ነው ራሱን ያበላሸው» የሚል አላጣም። ሲጋራ ለማንም አይጠቅምም፣ ስፖርተኛ ሲሆን ደግሞ አሳፋሪ ነው፣ እስማማለሁ። ቀኖቹን ግን ተመልከቱ። ስንጥቁ የመጣው 2011 ላይ ነው፣ ፎቶው ከሁለት ዓመት በኋላ። ሰው ላይ መፍረድ ቆጠራ ከመሥራት ይቀላል።

አንድ ነገር ግን በእሱ ላይ ልፍረድ። 2018 ላይ ክለቡ ያቀረበለት ውል የሚያዋርድ መስሎ ቢታይም፣ ሰውነቱን ለ17 ዓመት የሚያውቁ ሐኪሞችና አሠልጣኞች ያሉበት ቤት ነበር። አዲስ ቤት ሄዶ ሁለት ወር አልፎ ሴፕቴምበር ላይ ቁርጭምጭሚቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እኔ ብሆን እቆይ ነበር። ለኔ ማለት ቀላል ነው፣ የ26 ዓመት ተጫዋች ደግሞ ወንበር ላይ መቀመጥ አይፈልግም።

ለአሠልጣኝና ለወላጅ

ታዳጊ የሚያሠለጥኑ ጓደኞች አሉኝ። ይህን ታሪክ ስነግራቸው «የኛ ልጆች 49 ጨዋታ የት አግኝተው» ይሉኛል። እኔ ደግሞ እንቁጠር እላለሁ። አንድ ጎበዝ የ15 ዓመት ልጅ ለትምህርት ቤቱ ይጫወታል። ለፕሮጀክቱ ይጫወታል። ቅዳሜ ሰፈር ከሰፈር ሲገጥም እሱ ከሌለ ጨዋታ የለም። የክረምት ውድድር ሲመጣ ደግሞ ወንድሙ ያሰለፈዋል። ሜዳው ጠጠር፣ ጫማው ያለቀ። አራት አሠልጣኝ አለው፣ አራቱም «እኔ ጋ በሳምንት አንዴ ነው የሚጫወተው» ይላሉ። አራቱም ልክ ናቸው።

ስለዚህ አንድ ደብተር ይኑር፣ እናቱ ጋ ቢሆንም። ጨዋታ፣ ልምምድ፣ የሰፈሩም ሳይቀር ይጻፍ።

«ትንሽ ይቆጠቁጠኛል» የሚለው ቃል ደግሞ እንደ ቁም ነገር ይወሰድ። ወድቆ የሚጮኸውን ልጅ ሁሉም ያየዋል። ሳይወድቅ አንድ ቦታ ላይ፣ ሁልጊዜ ያው ቦታ ላይ፣ ሲሮጥ የሚያመው ሲያርፍ የሚተወው ልጅ ነው ቶሎ ሐኪም ማየት ያለበት። ቅባትና ፋሻ ለዚህ አይሆንም። ሕመሙን የተናገረ ልጅ ደግሞ ቦታውን ማጣት የለበትም፤ አንዴ ተናግሮ ከወጣ፣ ሁለተኛ አይናገርም።

ሲመለስ ዝቅ ካለ ቦታ ይጀምር፦ ግማሽ ጨዋታ፣ ቀላል ተጋጣሚ፣ ብዙ ተመልካች የሌለበት ሜዳ። ይህን ለልጁ ማስረዳት ከባድ ነው፣ እንደ ቅጣት ይቆጥረዋል። ወላጅም ይቆጣል።

በቡድኑ ውስጥ ሌሎች ሲጎዱ ደግሞ ጤነኛውን ልጅ ተመልከቱት። የእነሱ ጭነት እሱ ላይ እየዞረ ነው።

ከዚያ በኋላ

ጫማውን በሰቀለበት ሳምንት አርሰናል የ18 ዓመት በታች ቡድኑን እንዲያሠለጥን ሰጠው። በመጀመሪያው ዓመቱ የኤፍኤ ወጣቶች ዋንጫ ፍፃሜ አደረሳቸው፣ ኤፕሪል 2023 ኤምሬትስ ላይ በዌስትሃም 5 ለ 1 ተሸነፉ። ኦክቶበር 2024 ኖርዊች ከዋናው ቡድን አሠልጣኞች አንዱ አድርጎ ወሰደው፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ በልጅነቱ የነበረበት ሉተን ታውን ዋና አሠልጣኝ አደረገው።

ወጣቶቹን ሲያሠለጥን በቡድኑ ውስጥ ያ ክብረ ወሰኑን የሰበረው ልጅ ነበር። ሴፕቴምበር 18 ቀን 2022 ብሬንትፎርድ ላይ በ15 ዓመት ከ181 ቀኑ ተቀይሮ ገባ፣ ዓለም ጉድ አለ። ከዚያ ክለቡ ወደ ወጣቶቹ መለሰው። ቀጣዩ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2024 ነው፣ ዌስትሃምን 6 ለ 0 ሲያሸንፉ፣ ውጤቱ ካለቀ በኋላ ተቀይሮ ገባ። በሁለቱ ጨዋታዎች መሀል 17 ወር ሊሞላ ሳምንት ቀርቶት ነበር። የወጣቶቹ አሠልጣኝ የሆነው የእኛው ልጅ በ2012 ከጉዳት ሲመለስ የቆጠረውን ያህል ወር ማለት ነው፣ ይህኛው ግን ያለ ቢላ።